ለኤሊዮር መኪና ጎማ ሲፈልጉ የከረሙት የአቶ አለነ ደባሱ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ቄሶቻችን፣ ሽማግሌዎቻችን፣ ከገዴራና ከያቭኔ፣ ከአሽዶድና ከሩቅ ከተማም ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ወገኖቻችን፤ ዛሬ በኪርያት ማላኪ መቃብር ቆመን የምንሸኛቸውን የታላቅ ወንድሜን የአቶ አለነ ደባሱን የሕይወት ታሪክ እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ አደራ ሰጥቶኛል። ታናሽ ወንድማቸው አንዳርጌ ነኝ። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ላስታውቃችሁ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እኛ በአደባባይ የማንናገረው፣ በየቤታችን አፍነን የምንይዘው ነገር አለ። እንዲነበብ ያዘዙት ሟቹ ራሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው ኤሊዮርም ዛሬ ጠዋት «አንብበው፣ አጎቴ» ብሎ ፈቅዶልኛል።

አቶ አለነ ከአባታቸው ከአቶ ደባሱ ተገኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታፈሰች አየልኝ በጎንደር ክፍለ ሀገር በደምቢያ አውራጃ በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታችን ለአገሩ ገበሬ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበሩ፣ አለነ ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ወናፍ መንፋት እንደ ለመዱ እናታችን ሁልጊዜ ያወሱ ነበር። ዕድሜያቸው ሲደርስ በአቅራቢያችን በተከፈተው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ከተማሩ በኋላ፣ አባታችን ታመው በመተኛታቸውና ቤቱን የሚሸከም ሌላ ሰው በመጥፋቱ ትምህርታቸውን አቋርጠው ጎንደር ከተማ በመግባት ከመናኸሪያው አጠገብ በነበረ ጎሚስታ ቤት ተቀጠሩ። በዚያም ከሱዳን ጠረፍና ከአሥመራ መንገድ የሚመጡ የጭነት መኪናዎችን ጎማ እየፈቱ፣ የተቀደደ ከመነዳሪ እየለጠፉ፣ የተጣመመ ቸርኬ እያቃኑ ሙያውን ተካኑ።

ከዚያ ዘመን ያልለቀቃቸው አንድ ነገር ነበር። አንድ ሹፌር ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ «ችግር የለም፣ ግጠምልኝ፣ ሰው ጭኛለሁ» ብሎ አሠሪያቸውን ለምኖ አስገጥሞ ሄደ፤ አውቶቡሱም ሊማሊሞ ላይ ጎማው ፈንድቶ ተገለበጠ። አለነ ሬሳ ከሚያነሡት ሰዎች ጋር ሄደው ነበር። ያዩትን ለማንም በዝርዝር አልነገሩም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የማንም መኪና ፊት ለፊታቸው ሲቆም ሰውየውን ሰላም ከማለታቸው በፊት ጎንበስ ብለው ጎማውን ያያሉ። በሰርግ ላይ እንኳ የሙሽራውን መኪና ጎማ በጣታቸው እየተጫኑ ሲመረምሩ ሚዜዎቹ ሲስቁባቸው ብዙዎቻችሁ አይታችኋል።

አባታችን ካረፉና ቤቱ ከረጋ በኋላ፣ ዘግየት ብለው በ1980 ዓ.ም. ከወይዘሮ ይርገዱ ጋር በወግ በማዕረግ ተጋቡ። ከዚህ ወዲያ የምጠራው ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነውና፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከወገኖቻቸው ጋር ወደ እስራኤል ገብተው ጥቂት ጊዜ በመቀበያ ማእከል ከቆዩ በኋላ በኪርያት ማላኪ ኑሯቸውን መሠረቱ። በቤኤር ቱቪያ የኢንዱስትሪ አካባቢ መጀመሪያ በማሸጊያ ፋብሪካ፣ ቀጥሎም እዚያው በሚገኝ፣ በዚህ አገር ፓንቸሪያ በሚሉት ጎሚስታ ቤት ገብተው በልጅነት ሙያቸው እስከ ሕመማቸው ድረስ ሠሩ። ሁለት ልጆችም ወለዱ፤ የመጀመሪያዋ ሊኖር ስትሆን ሁለተኛው ኤሊዮር ነው።

ኤሊዮር በልጅነቱ ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ እናቱን በቀልድ የሚያስለቅስ ልጅ እንደነበር ጎረቤቶቹ ሁሉ ምስክር ናችሁ። ወታደር ሆኖ በ2014 በጋዛ ጦርነት ላይ ሳለ የልብ ጓደኛው ኦሪ አጠገቡ ወደቀ። ኤሊዮር በሰውነቱ ላይ አንድ ጭረት ሳይኖር ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ እኛም እልል ብለን ተቀበልነው፤ ደኅና የመጣ መስሎን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ ቀስ በቀስ ከመካከላችን ወጣ። መጀመሪያ ሳቁን ተወ፣ ቀጥሎ ሥራውን፣ ቀጥሎም ጓደኞቹን፤ በመጨረሻ መስኮቱን አጨልሞ በሩን ዘግቶ ተኛ። ወይዘሮ ይርገዱ ምግቡን በሩ ሥር ያስቀምጣሉ፣ ሲመለሱ እንዳለ ያገኙታል። ሐኪም ዘንድ ቢወስዱት ጥቂት ሄዶ ተወው። እኛ ዘመዶቹም የምናውቀውን መከርን፤ አንዱ «ዓይን ነው» አለ፣ ሌላው «ሚስት ይፈለግለት» አለ፣ ሁላችንም «ያልፋል» አልን። አላለፈም።

በ2016 አቶ አለነ ገዴራ ውስጥ ከአንዲት ባሏ ከሞተባት አሮጊት ግቢ ያገለገሉ ቸርኬዎች ለማንሣት ሲሄዱ፣ «ብቻዬን አልችልም፣ ወገቤን አሞኛል» ብለው ኤሊዮርን በግድ ይዘውት ሄዱ። ወገባቸውን አላመማቸውም ነበር። በዚያ ግቢ በዶሮ ቤት ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች፣ በ1960ዎቹ በጣልያን አገር የተሠራች፣ ባለ ሁለት በር ቀይ የስፖርት መኪና ነበረች። ኤሊዮር ሸራውን ገለጠ፤ ቦኔቱን ከፍቶ ብዙ ቆየ፤ ከዚያም ከወራት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«አባ፣ ይቺ ትነሣለች?»

አቶ አለነ ይህን ሲነግሩኝ «አንዳርጌ፣ ልጄ ጠየቀኝ እኮ። ብትነሣም ባትነሣም ትነሣለች አልሁት» አሉኝ። አሮጊቷም መኪናዋ ተፈታትታ በየዕቃው እንዳትሸጥ ብቻ ቃል አስገብታ ሰጠቻቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤሊዮር ጠዋት ይነሣ ጀመር። በዚያው በዶሮ ቤት ውስጥ ሞተሩን አውርዶ ፈታ፣ ፍሬኑን አደሰ፣ የዛገውን ብረት ቆርጦ በየዳ፤ ማታ እጁ በግሪስ ጠቁሮ ሲገባ ይርገዱ ያንን ጥቁር እጅ ይዘው ይስሙት ነበር። በ2018 ሞተሩ ተነሣ። መኪናዋ ቴስት የሚሉትን የመንገድ ብቃት ምርመራ እንድታልፍና መንገድ እንድትወጣ የቀራት ጎማ ብቻ ነበር። እኛም ከሁሉ የቀለለው የቀረ መስሎን ደስ አለን።

መከራው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። መኪናዋ ላይ የነበሩት ጎማዎች ጥርሳቸው ሙሉ፣ ጥቁረታቸው የሚያበራ ነበር፤ አቶ አለነ ግን ጎናቸው ላይ የታተመውን የተሠሩበትን ዓመት አንብበው፣ አውራ ጣታቸውን ሲጫኑት እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ሲከፈት አይተው «እነዚህ የሞቱ ናቸው» አሉ። የሚያስፈልጋት በዛሬ ጊዜ የማይለመድ ልክ ነበር፤ ወርዱ ጠበብ ብሎ ጎኑ ከፍ ያለ፣ ለአሥራ አምስት ኢንች ቸርኬ የሚሆን፣ ደግሞም ያቺ መኪና የምትሮጠውን ፍጥነት እንዲችል የተሠራ። ልኩ የተገኘ እንደሆነ ለዕቃ መጫኛ መኪና የተሠራ ዘገምተኛ ጎማ ይሆናል፤ ፍጥነቱን የሚችል የተገኘ እንደሆነ ሰፊና አጭር ሆኖ የመኪናዋን ክንፍ ይፈትጋል። አቶ አለነ ከሥራ ሲወጡ ከአሽዶድ እስከ ረሆቦት፣ ከአከፋፋይ እስከ አሮጌ ብረት ሰብሳቢ እየዞሩ ጠየቁ። ሁሉም ትከሻውን ነቀነቀ። አንዳንዱም በዕብራይስጥ «ሰባ»፣ አያቴ፣ ብሎ ጠርቶ «ሙዚየም ሂድ» እያለ ቀለደባቸው።

ወራት ሲቆጠሩ ኤሊዮር ወደ ዶሮ ቤቱ መሄዱን ቀነሰ፤ ከዚያም ተወ። በሩ እንደገና ተዘጋ። አንድ ቀን አባትየው ከሥራ ሲገቡ በሩ ላይ ቆሞ አገኙት።

«አባ፣ ተወው በቃ። በነዚሁ እወጣለሁ።»

«አይሆንም ልጄ፣ ትንሽ ስትፈጥን ይለቅቃሉ።»

«አውቃለሁ» አለ ኤሊዮር።

አቶ አለነ ያንን «አውቃለሁ» ሲሰሙ ልጃቸው ስለ መንዳት እየተናገረ እንዳልሆነ ገባቸው። ወጥተው በቀጥታ ገዴራ ሄዱ፤ መኪናዋን በክሪክ አንሥተው በድንጋይ ላይ አሳረፏት፣ አራቱንም ጎማዎች ፈትተው ሊገጠሙ እንዳይችሉ ጎን ጎናቸውን በቢላ ቀደዷቸው። ኤሊዮር ይህን ባየ ጊዜ በአባቱ ላይ ጮኸ፤ ይርገዱም ስለ «አውቃለሁ» ያልሰሙ ነበሩና፣ ልጃቸው ተመልሶ ሲተኛ ባዩ ጊዜ ባላቸውን እንዲህ አሉ፦

«አለነ፣ አራት ክብ ነገር አጥተህ ልጄን ልትገድልብኝ ነው?»

አቶ አለነ ሌሊቱን ተቀምጠው አድረው ሲነጋ የኤሊዮርን በር አንኳኩ፤ ገብተውም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በእኛ አገር አባት ለልጁ የማያወጣውን ቃል አወጡ።

«ልጄ፣ መሞት ነው የምትፈልገው?»

ኤሊዮር «አላውቅም፣ አባ። ደክሞኛል» አለ።

«ቤሰደር፣ እሺ። ድካምህን አልከለክልህም። ብቻ ጎማ እስካመጣልህ ቆየኝ።»

ኤሊዮር እሺም እንቢም አላለም። በዚያው ቀን አባትየው ሊኖርንና ይርገዱን እውነቱን ነገሯቸው፤ ለእኔም ደውለው ነገሩኝ። እኔ መጀመሪያ ያልሁት «ጋሼ፣ ለማንም እንዳትናገር» የሚል ነበር። እሳቸው ግን «ዝም ብዬ ልቅበረው?» አሉኝና ስልኩን ዘጉት። ሊኖር ሥራዋን ትታ ከወንድሟ አጠገብ ሆነች፤ በጦርነት የተጎዱ ወታደሮችን የሚያክም ሐኪምም አፈላልጋ ተራ ያዘችለት።

በ2019 የፋሲካ በዓል ሰሞን አቶ አለነ ሰውነታቸው እየመነመነ፣ ዓይናቸው ቢጫ እየሆነ መጣ። ምርመራው የቆሽት ካንሰር መሆኑንና ሩቅ መሄዱን አሳየ። ሐኪሟ ይህን ስትነግራቸው አጠገባቸው ነበርሁ፤ እሳቸው የጠየቁት «እስከ መቼ መሥራት እችላለሁ?» ብለው ነው። እሷ ስለ ፓንቸሪያው የጠየቁ መስሏት ነበር።

በዚያው ሰሞን ከያቭኔ አንድ ነጋዴ ደወለላቸው፤ ልኩም ፍጥነቱም የተሟላ ጎማ በመጋዘን ተገኝቷል አላቸው። ሕመሙ እንዲህ ጠንቶባቸው እያለ እኔ ነድቼ ወሰድኋቸው። አራቱ ጎማዎች ወረቀታቸው ሳይፈታ ተደርድረው ነበር፤ አንድም ኪሎ ሜትር ያልሄዱ፣ የላስቲክ ሽታቸው ገና ያልጠፋ። አቶ አለነ ባዩዋቸው ጊዜ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ልጅ ዳበሷቸው። ከዚያ የታተመበትን ዓመት ፈልገው አነበቡ። ጎማዎቹ በመጋዘን ውስጥ ተቀምጠው አርጅተው ነበር።

ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ሰባ፣ ለድሮ መኪና ነው፣ ማን ይሮጥባታል?» አለ። እኔም በልቤ፣ ውሰዳቸውና ልጁ ደስ ይበለው እል ነበር። ወንድሜ ወጥተው መኪናዬ ውስጥ ተቀመጡ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ነው፤ አባታችን ሲቀበሩና ያን ዕለት። «ጊዜ የለኝም፣ አንዳርጌ፤ ሌላ የምፈልግበት ጊዜ የለኝም፤ ብወስዳቸው ማን ያውቃል?» አሉ። ጥቂት ቆይተው እንባቸውን ጠርገው «ያላ፣ ንዳ» አሉኝ፤ ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ያው ነጋዴ ግን ነገሩ ሲከነክነው ሰንብቶ ጋን ያቭኔ ወደሚኖሩ አንድ አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ሽማግሌ መራቸው። ሽማግሌውም በአውሮፓ የድሮውን ጎማ በድሮው ልክና ቅርጽ፣ በአዲስ ላስቲክ እንደገና የሚሠራ ፋብሪካ እንዳለ፣ ለጓደኞቻቸው ከሚያስመጡት ጋር አብረው ሊያዙላቸው እንደሚችሉ ነገሯቸው፤ የመኪናዋን ቸርኬ ዓይነት ጠይቀው ደግሞ፣ ቸርኬ ለውጦ ሰፋ ያለ የዘመኑን የስፖርት ጎማ መግጠምም እንደሚቻል አስረዷቸው። አቶ አለነ የትኛው እንደሚሻል ያውቁ ነበር። ሆኖም አላዘዙም። ወደ ቤት ተመልሰው በኤሊዮር በር ውጭ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ሁለት ዓይነት አለ። መኪናዋ ያንተ ናት፤ ምረጥ» ብለው ሁለቱንም በበሩ በኩል አስረዱት።

ከውስጥ «ሰፊው መንገዱን የበለጠ ይይዛል» አለ ኤሊዮር።

«ይይዛል፤ የሚለቅ ዕለት ግን ሳይነግርህ ነው የሚለቅ። ያቺ መኪና ስትሠራ ለጠባቡ ነው የተሠራች፤ ጠባቡ ከመንሸራተቱ በፊት ይጮኻል፣ በመሪው በኩል እጅህ ላይ ይነግርሃል፤ ያን ጊዜ ቀስ ትላለህ።»

ከዚያ «እርጥብ መንገድ ላይስ?» የሚል ጥያቄ መጣና በሩ ተከፈተ። አባትና ልጅ ያን ቀን ወለል ላይ ተቀምጠው ስለ ጎማ ሲነጋገሩ ዋሉ፤ ይርገዱም ኮሪደሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ኤሊዮር ጠባቡን መረጠ።

ትእዛዙ ተላከ፤ የሚጠብቁት ግን ሁለት ነገር ሆነ፤ ጎማውንና ሞቱን፣ ማን እንደሚቀድም ሳይታወቅ። ፋብሪካው ዘገየ፤ ዕቃው አሽዶድ ወደብ ደርሶ ደግሞ በጉምሩክ ማጣሪያ ተያዘ። አቶ አለነ ክብደታቸው እያለቀ፣ ከአልጋ የሚነሡት በሰው እየተደገፉ፣ በየጠዋቱ የሚጠይቁት ስለ መርከብ ነበር። ኤሊዮር ሐኪሙ ዘንድ መሄድ ጀምሮ ነበር፤ የሚወስደው መድኃኒት አንዳንዴ ያግዘው፣ አንዳንዴ አያግዘው ነበር። ደኅና ሆነ አላልንም፤ ቆየ ነው የምንለው።

በኅዳር ወር ጎማዎቹ ወጡ። አቶ አለነ ከተኙበት ሆስፒታል ለአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቀው ቤኤር ቱቪያ ወዳለው ፓንቸሪያቸው ሄዱ፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ኤሊዮር ከገዴራ በተጎታች ባስመጣት መኪና ላይ በገዛ እጁ ሲገጥም፣ አየር ሲሞላ፣ ሚዛኑን ሲያስተካክል አዩ። አንዲትም ቡሎን በእሳቸው እጅ አልተነካችም፤ እጃቸው አይችልም ነበር። መኪናዋም ቴስቱን አለፈች። ከዚያ ኤሊዮር አባቱን አቅፎ አንሥቶ አጠገቡ አስቀመጣቸው፣ ከኪርያት ማላኪ በገዴራ በኩል ወደ ያቭኔ ተነሡ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። እኔ በመኪናዬ ከኋላ እከተል ስለነበር ያየሁትን ነው የምናገረው፤ የቀረውን ወንድሜ ነግረውኛል። አንድ ጠምዘዝ ያለ መንገድ ላይ ጎማዎቹ በቀጭኑ ጮኹ።

«ሰማኸው?» አሉ አባትየው።

«ሰማሁት፣ አባ» አለ ኤሊዮር፤ እግሩን ቀስ አድርጎ አነሣ፤ መኪናዋም መንገዷን ይዛ ዞረች።

ያን ዕለት ማታ ሆስፒታል ሲመልሳቸው እጁን ይዘው ራሱን እንዳይጎዳ ቃል እንዲገባላቸው ጠየቁት። ኤሊዮር በእንቢታ ራሱን ነቀነቀ። «ቃል አልሰጥህም አባ፣ ልዋሽህ አልፈልግም። ነገ ጠዋት ግን እመጣለሁ» አላቸው። በማግሥቱ ጠዋት መጣ። በሁለተኛውም ቀን «ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አለ፤ መጣ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ሆነ። ወንድሜም «ከዚህ በላይ አልለምነውም፤ የሚችለው ይህን ነው» አሉኝ።

አቶ አለነ ደባሱ በታኅሣሥ ወር 2019 አንድ ማለዳ፣ ኤሊዮር ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋቸው አጠገብ በተቀመጠ ጥቂት ጊዜ ውስጥ በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ይርገዱን፣ ልጆቻቸውን ሊኖርንና ኤሊዮርን፣ እኅታችንን ማሪቱንና እኔን ትተው ሄደዋል።

ወገኖቼ፣ ከመሞታቸው በፊት ያዘዙኝን ላድርስ። «አንዳርጌ፣ ሰባቱ የሐዘን ቀን ሰው ይሞላል፤ እኔ የምፈራው ስምንተኛውን ጠዋት ነው» አሉኝ። ስለዚህ በሁላችሁ ፊት እለምናችኋለሁ፤ በስምንተኛው ጠዋት ኑ። በሚቀጥለውም አንዳችሁ ኑ። ምክር ይዛችሁ አትምጡ፣ «ያልፋል» አትበሉት፤ በሩን አንኳኩና አጠገቡ ተቀመጡ። በየቤታችሁም የተዘጋ በር ያለባችሁ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ሰው አፍራችሁ ልጁን አትጡት፤ ገብታችሁ ጠይቁት። ወንድሜ «መሞት ነው የምትፈልገው?» ብለው የጠየቁትን ቃል እኔ ብሆን ፈርቼ አላወጣውም ነበር፤ ቃሉ ግን ልጁን አልገደለውም።

የአባቶቻችን የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ የአለነን ነፍስ በገነት ያሳርፍልን፤ ለይርገዱና ለሊኖር መጽናናትን፣ ለኤሊዮር የነገውን ጠዋት ይስጥልን። አሜን።